ሳሙና እና የልጃቸው መኪና

የባለቤቴ አባት ዕድሜያቸውን የፈጁት በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ውስጥ በሾፌርነት ነው። እዚያ በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። የቀረው ሰው፣ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ፣ «ሳሙና» ነበር የሚላቸው። ስሙን ያወጡላቸው ባልደረቦቻቸው ናቸው። መጀመሪያ ለማብሸቅ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን እንደ ማዕረግ ሆነላቸው። እሳቸውም ስልክ ሲያነሱ «አቤት፣ ሳሙና ነኝ» ማለት ጀመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ድርጅት አንዱን የጭነት መኪና ሁለት ሾፌሮች ይነዱታል፤ አንዱ ከመንገድ ሲመለስ ሌላው ይረከበዋል። በርክክቡ ሰዓት ተረካቢው ኮፈኑን ይከፍትና ከኪሱ ነጭ ጨርቅ አውጥቶ ሞተሩን ይዳብሳል። ጨርቁ ከጠቆረ «አልረከብም» ብሎ እጁን አጣጥፎ መቆም መብቱ ነው። ደንቡን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ አልነበረም፣ ግን ማንም አይጥሰውም። ስለዚህ ከመንገድ የገባ ሾፌር ሁሉ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ሞተሩን በነጭ ጋዝና በብሩሽ ይፈትጋል፣ በሳሙና አረፋ ይደፍቃል፣ በጎማ ቱቦ ያለቀልቃል። ሌሎቹ ይህን የሚያደርጉት እያጉረመረሙ ነበር። አማቼ ግን ሸሚዛቸውን አውልቀው፣ እናት ልጇን ገላውን ስታጥብ ከጆሮው ጀርባ እስከ እግሩ ጣት እንደምታዳርሰው ያዳርሱት ነበር። የላላ ብሎን፣ የሚያንጠባጥብ ዘይት፣ የተላጠ ሽቦ፣ ሁሉም የሚታየው ሞተሩ ሲጸዳ ነው ይላሉ።

በሳቸው እጅ ያለ መኪና ጡረታ እስከወጡበት ቀን ድረስ መንገድ ላይ ቆሞ አያውቅም። ይህን የሚሉት እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ግማሹን ነበር የማምነው። ግን የድሮ ጓደኞቻቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡም ይህንኑ ይመሰክራሉ። አንዱ ብቻ፣ ነገረኛው፣ «ኧረ ቆሞ ያውቃል፤ ሊታጠብ» ይላል፤ ሁሉም ይስቃሉ፤ አማቼም አብረው ይስቃሉ።

ባለቤቴን መንዳት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ገና ልጅ እግር ሳለች ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ማርሽ ስታንኳኳ እሳቸውን ያመማቸው ይመስል «እህ» እያሉ አስተማሯት። ዛሬ ኑሮዋ በዚያ ነው፤ ተማሪዎችን ጠዋት ከየቤታቸው ለቅማ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ከሰዓት በኋላ ትመልሳለች። ብዙ ዓመት በሰው መኪና ነው የሠራችው። የመኪናው ባለቤት ሲያኮርፍ ቁልፉን ይቀማታል፣ ኩርፊያው ሲወጣለት ይመልስላታል። ተማሪዎቹ የሷ፣ መኪናው የሱ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ልጆቹ በየበራቸው ቦርሳ አዝለው ሲጠብቁ ቁልፉን ከለከላት። የዚያን ዕለት እንባዋን ውጣ የማለችውን አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም እጃችንን ሰብስበን ኖርን፤ በመጨረሻም የራሷን መኪና ከሻጩ ኩባንያ አወጣች። ገና የፋብሪካው ሽታ ያልለቀቃት፣ ልጆችን በሦስት ረድፍ የምትይዝ ነጭ መኪና።

እኔ መንዳት አልችልም። በአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ውስጥ የመጋዘን ጠባቂ ነኝ። ባለቤቴ እየነዳች እኔ አጠገቧ ስቀመጥ የሰፈሩ ወንዶች «አንተ ደግሞ ሾፌር ቀጠርክ?» ይሉኛል። «አዎ፣ አማቼ መርጠው ነው የሰጡኝ» እላቸዋለሁ።

መኪናዋ ግቢያችን የገባች ቀን አማቼ ዙሪያዋን ሄዱ። ከኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሰንብተው ነበር፤ ጉልበታቸው ቢያስቸግራቸውም የዚያን ቀን አላነከሱም። የፊቷን መከላከያ በጣታቸው አንጓ አንኳኩና «ይሄ ፕላስቲክ ነው?» አሉ።

«አሁን ሁሉም እንደዚህ ነው አባዬ» አለች ባለቤቴ።

ኮፈኗን ራሳቸው ከፍተው ጎንበስ አሉ። ከላይ የሚታየው ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ብቻ ነበር። «ሞተሩስ? ኋላ ይልኩልሻል?» ሲሉ ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ግን የኩባንያው ሰዎች ያስጠነቀቋትን ነገረቻቸው። የሦስት ዓመት ዋስትና አላት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚበላሽ ዕቃ ቢኖር ኩባንያው በራሱ ወጪ ይቀይራል፤ እሷ ግን ውስጧን እንዳትነካካ ተብላለች። ባለቤቴ የተነገራትን የምትጠብቅ ሰው ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮፈኗን ከፍታ አታውቅም።

ብዙም አልቆየም፣ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ መስኮት ለመዝጋት ቁልፉን ስትጫን መስታወቱ በሩ ውስጥ ዘጭ ብሎ ገባ። ልጅቷ የሰበረችው መስሏት እስከ ቤቷ አለቀሰች። የኩባንያው ጋራዥ ያለ አንድ ቃል ቀየረው። ቀጥሎ የዚያው በር መቆለፊያ እምቢ አለ፤ እሱንም ቀየሩት። ባለቤቴ «አዲስ መኪና መጀመሪያ ላይ አመል አላት» ብላ አለፈችው። አማቼ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ይቺ መኪና ደካማ ሆና ነው የተወለደችው» አሉኝ ለኔ ብቻ። «ደካማ ደግሞ እንክብካቤ ትፈልጋለች።»

ከዚያ በኋላ ጥቂት ወራት በሰላም አለፉ። ከዚያ ዳሽቦርዷ ላይ መብራት በራ። አንዱ ጠፋ ሲባል ሌላው ይበራል። ጠዋት ስትነሳ ታስላለች፤ ዳገት ላይ ትንተፋተፋለች። ጋራዥ ገባች፣ አንድ ቦቢና፣ ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው ዕቃ፣ ተቀየረላት። ተመልሳ ገባች፣ ሌላው ተቀየረ። በመጨረሻ ዲናሞዋ ባትሪ መሙላት አቆመና አደባባይ መሃል፣ ልጆቹን እንደጫነች፣ ድርግም አለች።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ያደረገችውን የነገረኝ አደባባዩ ጥግ ጋዜጣ የሚሸጠው ሰው ነው። መኪናዋን በእጇ እየገፋች ወደ ዳር አወጣቻት። ልጆቹን አውርዳ እጅ ለእጅ አያያዘቻቸው፤ ትንሹን አዘለችው። ከዚያ በእግረኛው መንገድ፣ ጡሩምባ የሚነፋባትን መኪና ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ፣ እያዘመረች ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ወሰደቻቸው። «ሰልፍ መስሎኝ ነበር» አለኝ ጋዜጣ ሻጩ። ደወሉ ከመደወሉ በፊት ነው የደረሱት።

ጋራዡ መኪናዋን አስጎትቶ ወሰዳት። ከሰዓት በኋላ እኔና ባለቤቴ ሄድን። የጥገናው ኃላፊ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ጥቁሩ ክዳን ወርዶ ነበር። ከአንዱ ሽቦ ጫፍ ሶኬቱን ነቅላ አሳየችን፤ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል።

«እህቴ፣ ይሄ ውሃ ነው» አለች። «ሞተሩ በውሃ ይታጠባል፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን እየተደጋገመ። ዲናሞውንም ያበላሸው ይኸው ነው። በውሃ የተበላሸ ደግሞ ዋስትናው አይመለከተውም።»

ባለቤቴ ደሟ ፈላ። መኪናዋን እጥበት ቤት ወስዳ እንደማታውቅ፣ ውጪዋን ራሷ በእርጥብ ጨርቅ እንደምትወለውላት፣ ኮፈኗን ማንም እንደማይከፍት አንድ በአንድ ነገረቻት። መስኮቱም፣ መቆለፊያውም፣ ቦቢናውም የተበላሹት ከመጀመሪያው ዕቃው ቀሽም ስለሆነ ነው አለች። ኃላፊዋ አልተቆጣችም። የመጣው ሁሉ እንደዚህ እንደሚል፣ ነገ ከዋናው መሥሪያ ቤት መርማሪ እንደሚመጣና ሞተሩ መታጠቡ ከተረጋገጠ የመኪናዋ ዋስትና በሙሉ ሊሰረዝ እንደሚችል ብቻ ነገረቻት።

«ማንም አልነካትም» አለች ባለቤቴ። «ቃሌን ነው የምሰጥሽ።»

ወደ ቤት ተመለስን። ዋስትናው ከተሰረዘ ምን እንደሚሆን ለኔ መንገር አያስፈልጋትም። እንደዚህ በየወሩ ዕቃ የሚበላሽባት መኪና በኛ አቅም አትያዝም። መሸጥ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ወደዚያው ቁልፍ ወደሚቀማው ሰው መመለስ።

እራት ላይ ነገሩን ለአባቷ ስትነግራቸው ንዴቷ እንደ አዲስ ተነሳ። «እስቲ አሁን ይሄ ይባላል አባዬ? ሞተሯን በውሃ ታጥቢያለሽ አሉኝ እኮ! ጅል መሰልኳቸው?»

አማቼ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ውሃ ነው ያሉት?»

«ውሃ። ሶኬቱ ውስጥ ገብቶ አበላሸው ነው የሚሉት። ሰበብ ሲያጡ እኮ ነው።»

አማቼ ጉልበቴን ላፍታታ ብለው ወደ ግቢው ወጡ። በመስኮት ሳያቸው መኪናዋ የምትቆምበት ባዶ ሲሚንቶ ላይ ቆመው መሬት መሬቱን ያያሉ።

በማግስቱ ባለቤቴ ልጆቹን ለማድረስ የጓደኛዋን መኪና ለምና ማልዳ ወጣች። ከሥራዋ በኋላ፣ መርማሪው በሚመጣበት ሰዓት፣ ጋራዥ ልትደርስ ነው። እኔ ጫማዬን ሳስር አማቼ ከክፍላቸው ወጡ። ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል፤ ጺማቸውን ተላጭተዋል።

«ልጄ፣ ጋራዡን ታውቀዋለህ አይደል? ውሰደኝ።»

ለአለቃዬ ደውዬ አስፈቀድኩና ወጣን። አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊታችን ያለውን ወንበር ጀርባ ይዘው፣ ወደኔ ሳይዞሩ ነገሩኝ። ቅዳሜ ጠዋት እኔ መጋዘን ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ የሳምንቱን ድካሟን ተኝታ የምታሳልፍበት ጊዜ ነው። ቁልፉ ከበሩ ጀርባ ይሰቀላል። እሳቸው በየቅዳሜው ኮፈኗን ከፍተው፣ ክዳኑን አንስተው፣ በነጭ ጋዝና በብሩሽ ፈትገው፣ በሳሙና አረፋ ደፍቀው፣ የቱቦውን አፍ በአውራ ጣታቸው ጠበብ አድርገው እያስፈነጠሩ ያጥቡት ነበር። ከዚያ አድርቀው ይዘጉታል።

«ለምን አልነገሯትም አባባ?»

«ምን ብዬ? እኛ ርክክብ ላይ አጥቤልሃለሁ አንልም። ጸድቶ ያገኘዋል፣ በቃ። ሰኞ ስትረከበኝ ንጹሕ ይሁንላት ብዬ ነው።»

እሷ እኮ ከሳቸው የምትረከበው ነገር የላትም ነበር፤ መኪናዋ የሷ ናት። ግን እንዲህ ብዬ መናገር አንጀቴ አልቻለም። ይልቅስ አሁን ሳስበው ጥሩ ያልሆነ ነገር ተናገርኩ። «አባባ፣ ዝም ቢባልስ? ኩባንያው ሀብታም ነው። ማን አየ?»

ያን ጊዜ ዞረው አዩኝ። «ኩባንያውን ተወው። ልጄ ቃሌን እሰጣለሁ ብላለች። ቃሏን ውሸት ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ደግሞ አታውቅም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ለሷ ይንገሯት።»

«ለሷ ብነግራትማ አትሂድ ትለኛለች። እኔን ላለማዋረድ ብላ ዋሽታ ትቀራለች። አውቃታለሁ፣ የኔ ልጅ ናት።»

ጋራዡ ስንደርስ መርማሪው ገና አልመጣም። ኃላፊዋ ማንነታቸውን ስትጠይቃቸው ኮታቸውን ቆለፉና፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር መሆናቸውን፣ የመኪናዋ ባለቤት ልጃቸው መሆኗን፣ ሞተሩን የሚያጥቡት እሳቸው እንደሆኑና ልጃቸው እንደማታውቅ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ። ሥራ ላይ የነበሩት መካኒኮች ቀና አሉ። አንዱ ለጓደኛው ሹክ ሲለው ሁለቱም አፋቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ። አማቼ አይተዋቸዋል።

«ሳቁ» አሏቸው፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እኔም ሌላ ሰው ቢያደርገው እስቅ ነበር።»

ኃላፊዋ ወደ መኪናዋ ወሰደቻቸው። እንዴት እንደሚያጥቡት አሳዩዋት፤ በባዶ እጃቸው ቱቦ የያዙ መስለው አውራ ጣታቸውን አፉ ላይ አደረጉ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከዳር ወደ መሃል። ኃላፊዋ መነጽሯን አድርጋ ጣታቸውን እየተከተለች ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ነቀለች። ውሃው ባረፈበት ሁሉ አረንጓዴ ነበር። ጣታቸው ያልደረሰበት ቦታ ደህና ነው።

«ይሄን የጀመሩት መቼ ነው አባት?»

መስኮቱ ከወደቀና የበሩ መቆለፊያ ከተቀየረ በኋላ እንደሆነ ነገሯት። መኪናዋ ደካማ መሆኗን ያዩት ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ኮፈኗን የከፈቱት መጀመሪያ የመጣች ቀን ብቻ ነው። የጋዙ ሽታ ልጆቹን እንዳይረብሽ ምን ያህል አየር ያስመቷት እንደነበር እንኳን ጨመሩላት።

በዚህ መሃል ባለቤቴ ገባች። ለክርክር ተዘጋጅታ፣ እርምጃዋን አፍጥና ነበር የመጣችው። አባቷን የሠርግ ኮታቸውን እጅጌ ሰብስበው ኮፈን ስር ስታያቸው ባለችበት ቀረች። ወደኔ አየች። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

አማቼ ቀና አሉ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ። ሞተሩን በየቅዳሜው የማጥበው እኔ ነኝ። ነግሬያቸዋለሁ።»

ባለቤቴ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። መጀመሪያ አልገባትም፤ ከዚያ ገባት። ሞተሩን አየች፣ እጃቸውን አየች። የምትጮህ መስሎኝ ነበር። መካኒኮቹም የጠበቁት ያንን ነው፤ መፍቻ እንኳን የሚያንቀሳቅስ አልነበረም።

ወደ ኃላፊዋ ዞረች። «ትናንት ማንም አልነካትም ያልኩሽ ትክክል አልነበረም። ይቅርታ። አላውቅም ነበር።»

«አባትሽ ናቸው?»

«አባቴ ነው» አለች ባለቤቴ አንገቷን ቀና አድርጋ። «መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። በሱ እጅ ያለ መኪና መንገድ ላይ ቆሞ አያውቅም ነበር፤ ይቺ የመጀመሪያዋ ናት።»

አማቼ ኮታቸውን ያስተካከሉ መስለው ፊታቸውን አዞሩ።

መርማሪው ሲመጣ ኃላፊዋ ወደ ጎን ይዛው ሄዳ ብዙ አወሩ። እሱ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ እሷ መስኮቱን ትጠቁማለች፣ ኮፈኑን ትጠቁማለች። ተመልሳ የነገረችን ይህ ነው፦ ዲናሞው፣ ቦቢናዎቹና ኮፈኑ ስር ያሉት ሽቦዎች ከዋስትናው ይወጣሉ። እነሱን የምናሠራው እኛ ነን። ሌላው፣ በሩም፣ መስኮቱም፣ ማርሹም፣ ፍሬኑም፣ ዋስትናው ላይ ይቆያል።

«ሌላ ጊዜ ማን እንደሠራው ስለማይታወቅ ሁሉንም በአንድ ላይ እንሰርዘዋለን» አለች። «አሁን ግን አባት ከየት እስከ የት እንዳጠቡ ስላሳዩን የኛን ጥፋትና የሳቸውን መለየት ቻልን። የመስኮቱ የኛ ነው። እሱን ከፋብሪካው ጀምሮ እናውቀዋለን።»

ባለቤቴ ትከሻዋ ላይ የነበረው ነገር ሲወርድ አየሁ። ግማሹን አጥተናል፤ ግን መኪናዋ አትሸጥም፣ ቁልፉም ከእጇ አይወጣም። አማቼ ደግሞ ገና አልጨረሱም ነበር። እንዲህ ያለ ሞተር ሲቆሽሽ ምን እንደሚደረግ ኃላፊዋን ጠየቋት። በደረቅ ጨርቅ የሚጠረጉትን፣ በአየር የሚነፉትን፣ ጨርሶ የማይነኩትን አሳየቻቸው። «እስቲ ድገሚልኝ» አሉ። ደገመችላቸው። ቅድም የሳቁት መካኒኮች ተጠግተው ያዳምጡ ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ የድርጅታቸውን ስም ሲሰማ የሱም አጎት እዚያ ይነዳ እንደነበር ተናገረና «ሳሙና የሚሉትን ያውቁታል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አውቀዋለሁ» አሉ አማቼ። «ደህና ሰው ነው። ውሃ ያበዛል እንጂ።»

መኪናዋ ከተሠራች በኋላ የተማሪዎቹ ወላጆች ምን ሆና እንደነበር ባለቤቴን ጠየቋት። እኔ ብሆን ብልሽት ነው ብዬ አልፈው ነበር። እሷ ግን አባቷ ሞተሩን በሳሙና እንዳጠቡላት፣ ራሳቸው ጋራዥ ሄደው እንደተናገሩ፣ አንዱንም ሳትደብቅ ታወራላቸዋለች። አንዷ እናት «ታዲያ ምነው የኔን ምንጣፍ በላኩላቸው» ስትላት አብራ ሳቀች። ግን ታሪኩን ስትጨርስ ሁልጊዜ ያንኑ ነው የምትለው፦ «ማንም ሳይጠይቀው ሄዶ ተናገረ።»

በቀጣዩ ቅዳሜ አማቼ ወደ ግቢው ወጥተው ከመኪናዋ ራቅ ብለው ተቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሥራ እንደተከለከለ ሰው። ባለቤቴ የዚያን ቀን አልተኛችም። ቁልፉን ይዛ ወጣችና ኮፈኗን ራሷ ከፈተችው።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ይሰማኛል ጠዋት ጠዋት። ላስነሳትና ስማልኝ።»

ተነስተው ቀረቡ። ባለቤቴ አስነሳቻት። አማቼ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ረጅም ጊዜ አዳመጡ። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ ከሞተሩ ድምፅ በቀር የሰማሁት ነገር የለም።

«ጨምሪ» አሉ። ጨመረች። «ቀንሺ።» ቀነሰች።

ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። «ቀበቶው ነው» አሉ፤ «ትንሽ ላልቷል። ሰኞ ጋራዥ ውሰጃት። እኔ አልነካትም።»

«አብረኸኝ ትሄዳለህ» አለች ባለቤቴ ኮፈኑን እየዘጋች። «ለነሱ የምታስረዳው አንተ ነህ።»